የሌሊት እረኛው ሠዓሊ

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። የነገሥታት፥ የጦር አለቆች፥ የሳይንስ ሊቃውንትና የአገር አሳሾች ታሪክ በየጊዜው ቀርቧል። እኔ ግን ዘንድሮ ተራው ሲደርሰኝ ታሪኩን ልጽፍለት የመረጥሁት አንድ እረኛ ነው። እረኛ ስል በምሳሌ መናገሬ አይደለም፤ ደመወዝ ተቆርጦለት ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ሌሊት ሌሊት ፈረስና ከብት ሲጠብቅ የኖረ፥ በኋላም አገሩ የሚኮራበት ሠዓሊ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ስሙ ቻርልስ ማሪዮን ራስል ይባላል፤ አገሩም አሜሪካ ነው።

ይህን ሰው ለምን እንደ መረጥሁት አስቀድሜ ልናገር። እኔ ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመምጣቴ በፊት እረኛ ነበርሁ። የወላጆቼ ቤት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። አገሩ ደጋ ስለ ሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። እኛ ልጆች ባና ደርበን፥ ክረምት ሲሆንም ገሳ ለብሰን፥ ቆሎ በኪሳችን ይዘን ከብትና በግ ስንጠብቅ እንውል ነበር። ቀኑ አልመሽ ሲለን ከወንዝ ዳር ጭቃ እያመጣን በሬ እንሠራለን፤ በከሰልም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፈረስ እንሥላለን። ከጓደኞቼ መካከል የእኔ የጭቃ በሬ ቀንዱ የማይወድቅ መሆኑ የታወቀ ነበር።

ከተማ ገብቼ መማር ስጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። በአገራችን እረኛ የሚለው ቃል ለስድብ ሲውል ያልሰማ ሰው የለም። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ልጅ በሰው ፊት እረኛ ብሎ ጠራኝና የሰማው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየት እንደ መጣሁ ለሰው መናገር ተውሁ። በደብተሬ ጠርዝ እሥላቸው የነበሩትን በሬዎችና በጎችም አቆምሁ፤ ሥዕሎቹ ምሥጢሬን የሚያወጡብኝ ይመስለኝ ነበርና።

አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ስለ አሜሪካ ታሪክ የሚናገር አሮጌ መጽሐፍ ስገልጥ አንዲት ትንሽ ሥዕል አየሁ። በሥዕሏ ላይ ጎድኗ እስኪቈጠር ድረስ የከሳች አንዲት ላም በበረዶ መካከል ጀርባዋን አጉብጣ ቆማለች፤ ከአጠገቧም ተኩላዎች መውደቋን ይጠብቃሉ። እኔ በረዶ እንደዚያ ሜዳውን ሞልቶ አላየሁም፤ ተኩላም እንደዚያ ሲሰበሰብ አላየሁም። ላሟን ግን ዐወቅኋት። በልግ በቀረበት በአንድ ዓመት ቦቄ የምንላት ላማችን ልክ እንደዚያ ቆማ ነበር። ጠዋት ጠዋት አባቴና ጎረቤቶቻችን በቀንዷና በጭራዋ ይዘው ያነሷት ነበር፤ አንድ ጠዋት ግን ማንሣቱም አልሆነም። ስለዚህ ይህን ሥዕል የሣለው ሰው ማን እንደ ሆነና ይህን ሁሉ በምን እንዳወቀ ለመረዳት ፈለግሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውም ያገኘሁትን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቻርልስ ራስል በመጋቢት ወር 1864 ዓ.ም. በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። በእኛም አገር ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ነበር፤ ወጣቱ ምኒልክም ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ አልተመለሱም ነበር፤ የተመለሱት በማግሥቱ ዓመት ነው። የራስል ቤተ ሰቦች ባለጸጎች ነበሩ፤ እሳት የሚችል ጡብ የሚሠራ ፋብሪካ ነበራቸው። ስለዚህ ልጁ ተምሮ የቤቱን ሥራ ይረከባል የሚል ተስፋ ነበራቸው።

የልጁ ልብ ግን ወዲያ አልነበረም። ሴንት ሉዊስ በታላቁ ወንዝ በሚሲሲፒ ዳር ያለች ከተማ ስለ ሆነች ወደ ምዕራብ የሚሄዱ አዳኞችና የቆዳ ነጋዴዎች መነሻ ነበረች። የአያቱ ወንድሞችም በዚያ በምዕራቡ አገር በንግድ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ቻርልስ ስለ በረሃው፥ ስለ ጎሹና ስለ ፈረሰኞቹ የሚነገረውን ታሪክ እየሰማ አደገ። ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ድብ እያስጨፈረ የሚዞር ሰው አየና ተከትሎት ከቤት ጠፋ፤ ፈልገው ካመጡትም በኋላ ማታ ከጫማው ሥር የተጣበቀውን ጭቃ ፍቆ ድብ ሠራበት ተብሎ ይተረካል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከወንዝ ዳር የሠራኋቸው የጭቃ በሬዎች ትዝ አሉኝ።

በትምህርት ግን ደካማ ነበር። ከክፍል እየቀረ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ በደብተሩም ላይ ከጽሑፍ ይልቅ ሥዕል ይበዛል። ወላጆቹ ጠባዩ ይታረም ይሆናል ብለው በ1879 ዓ.ም. ኒው ጄርሲ በሚባለው ግዛት ወደሚገኝ የወታደር ትምህርት ቤት ሰደዱት። እዚያም አልሆነለትም። በመጨረሻ ወላጆቹ ሌላ መላ መቱ። ይኸውም ልጁን እስኪጠግብ ድረስ ወደሚመኘው አገር መስደድ ነው፤ ብርዱንና ረኃቡን ሲያይ በራሱ እግር ይመለሳል ብለው አሰቡ። እንዲህ ሆኖ በ1880 ዓ.ም. ዐሥራ ስድስተኛ ዓመቱን በያዘበት ሰሞን ከአንድ የቤተ ሰብ ወዳጅ ጋር በባቡርና በፈረስ ጋሪ ተጕዞ ሞንታና ደረሰ። የወላጆቹ ግምት አልሠራም፤ ሞንታና እስከ ዕለተ ሞቱ አገሩ ሆነች።

የመጀመሪያ ሥራው በግ መጠበቅ ነበር። በግ መጠበቅ ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው። የእኛ አገር እረኛ እንደሚያውቀው ዓይን ለጥቂት ጊዜ ከመንጋው ከተነሣ የበጉ ግማሽ ከሰው አዝመራ ውስጥ ይገኛል። ራስልም ሐሳቡ ከሥዕል ጋር ስለ ነበር በጎቹ ይጠፉበት ጀመር፤ ሥራውም ብዙ ሳይቆይ ቀረ። ገንዘብም ወዳጅም የሌለው ልጅ ሆኖ በሜዳ ላይ ሲቀር ጄክ ሁቨር የተባለ አዳኝ አገኘውና ወደ ጎጆው ወሰደው። ሁቨር አውሬ እያደነ ሥጋውን ለሰፋሪዎች የሚሸጥ ሰው ነበር። ራስልም ሁለት ዓመት ያህል ከርሱ ጋር ተቀምጦ የታደነውን አጋዘንና ድብ ሲገፍፍ፥ ጡንቻው ከአጥንቱ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ፥ እንስሳው ሲሮጥ ጉልበቱ ወዴት እንደሚታጠፍ በገዛ እጁ ዳሰሰ። ከሥዕል መምህር ዘንድ ሳይቀመጥ የተማረው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

በ1882 ዓ.ም. ጁዲት በሚባለው ሰፊ ሜዳ የከብት አርቢዎች ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። እዚህ ላይ ካውቦይ የሚባለው ሰው ሥራው ምን እንደ ነበረ በአጭሩ ባስረዳ መልካም ነው። በፊልም የምናየው ካውቦይ ቀኑን ሙሉ ሽጉጥ ሲተኩስ ይውላል። እውነተኛው ካውቦይ ግን በወር ከ30 እስከ 40 ዶላር የሚከፈለው ቅጥር ከብት ጠባቂ ነበር፤ ከመካከላቸውም ብዙ ጥቁሮችና ሜክሲካውያን ነበሩበት። ቃሉም ቢተረጐም የላም ልጅ እንደ ማለት ነው።

የዚያን ጊዜ የሞንታና ሜዳ አጥር አልነበረውም። የብዙ ጌቶች ከብት ተቀላቅሎ በአንድነት ይግጥ ነበር። እኛ ከብታችንን በመልኩና በስሙ እንለየዋለን፤ በሺህ ለሚቈጠር መንጋ ግን ይህ ስለማይቻል፥ እያንዳንዱ ባለ ከብት የራሱን ምልክት በጋለ ብረት በከብቱ ቆዳ ላይ ያትም ነበር። በጸደይ ወራት ካውቦዮቹ ተባብረው ከብቱን ከየሸለቆው ይሰበስባሉ፤ ጥጃዎቹንም በየእናታቸው ምልክት ያትማሉ። በመከር ደግሞ ለሥጋ የደረሰውን ለይተው ወደ ባቡር ጣቢያ ይነዳሉ። አንድ ፈረስ ይህን ሁሉ ሥራ ስለማይችል ለእያንዳንዱ ሰው ብዙ ፈረሶች ይያዙለታል። እነዚህ ፈረሶች ሌሊት ሲግጡ እንዳይጠፉ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። የራስል ሥራ ይህ የሌሊት ጥበቃ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ከብቱን ይጠብቅ ነበር። መንጋው እንዳይደነብር በጨለማ ውስጥ ቀስ እያሉ መዝፈን የካውቦዮች ልማድ ነበር።

የሌሊት እረኛ መሆን ለብዙ ሰው የተጠላ ሥራ ነው። ለራስል ግን በረከት ሆነለት፤ ሌሊት ከሠራ ቀኑ የራሱ ነውና። ሌሎቹ ገመድ ሲወረውሩ፥ ከፈረስ ሲወድቁ፥ ከበሬ ጋር ሲታገሉ እርሱ ከዳር ሆኖ ይመለከትና ይሥል ነበር። በኪሱ ዘወትር ሰም ስለማይታጣ ከሰው ጋር ሲጫወት እንኳ ጣቶቹ ፈረስ ወይም ጎሽ ይሠራሉ። ጓደኞቹ ሥዕሎቹን ሲያዩ ይህ የማን ፈረስ እንደ ሆነ፥ ያ የማን ኮርቻ እንደ ሆነ ለይተው ይናገሩ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሠዓሊ ከእነዚህ የሚበልጥ ፈራጅ ከወዴት ይመጣል?

በ1886 ዓ.ም. በጋው ደረቅ ሆነ፤ ከብቱም ከሜዳው አቅም በላይ በዝቶ ስለ ነበር ሣሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያን የመሰለ ክረምት አልታየም የተባለለት ክረምት መጣ። በረዶው ሣሩን ሸፈነው፤ ከላይም ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ሆነ። ከብቱ በኮቴው ሊሰብረው ስላልቻለ ቆሞ ሞተ። ብዙ ከብት አርቢዎች ከመንጋቸው ከግማሽ የሚበልጠውን አጡ። ያን ጊዜ ራስል በአንድ የከብት እርባታ ጎጆ ውስጥ ነበር። የከብቱ ጌታ በሩቅ ከተማ በሄሌና ሆኖ መንጋው እንዴት እንደ ከረመ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለኀላፊው ላከ። ኀላፊው መልሱን በምን ቃል እንደሚጽፈው ጨንቆት ሳለ ራስል አንዲት መዳፍ የማትሞላ ቁራጭ ካርቶን አንሥቶ በውኃ ቀለም ያችን የከሳች ላም ሣለባት። ኀላፊውም ከዚህ የሚበልጥ ደብዳቤ ስላጣ ሥዕሏን ላካት።

ሥዕሏ ሄሌና ስትደርስ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ታየች፤ የራስልም ስም የተሰማው ከዚያ ወዲህ ነው። በኋላ ቺኑክን ስትጠብቅ የሚል ስም ተሰጣት። ቺኑክ ማለት በዚያ አገር በክረምት መካከል ከተራራው ወርዶ በረዶውን የሚያቀልጥ ሞቅ ያለ ነፋስ ነው። እኔ በመጽሐፍ ያየኋት ላም ይህችው ነበረች። እንግዲህ አስተውሉ፤ ይህች ሥዕል ለኤግዚቢሽን ወይም ለሽልማት አልተሣለችም። አንድ እረኛ ለከብቱ ጌታ እውነቱን ለመንገር የላካት መልእክት ናት። መልእክቷም የተመነው ሌሊቱን ከከብቱ ጋር ያደረ ሰው ስለ ሣላት ነው።

በ1888 ዓ.ም. ራስል ወደ ካናዳ ተሻግሮ በአልበርታ አገር ብላድ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች አጠገብ ጥቂት ወራት ተቀመጠ። አደናቸውን፥ አለባበሳቸውንና የፈረስ አያያዛቸውን ተመለከተ። በዚያ ዘመን ብዙ ነጮች እነዚህን ሕዝቦች እንደ ጠላት ወይም እንደ አውሬ ይቈጥሯቸው ነበር። ራስል ግን መሬቱ ከሁሉ በፊት የእነርሱ እንደ ነበረ፥ ጎሹም ሲያልቅ እንጀራቸው አብሮ እንዳለቀ ተገነዘበ። እርሱ ሞንታና ሲደርስ የጎሹ መንጋ ገና ነበረ፤ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ግን ከሜዳው ጠፋ። ለዚህ ይመስላል በፊርማው አጠገብ ሁልጊዜ የጎሽ ራስ ቅል ይሥል የነበረው። ከብዙ ዓመታት በኋላም መሬት አጥተው በየከተማው ዳር ይንከራተቱ ለነበሩት ለቺፕዋና ለክሪ ሕዝቦች መኖሪያ እንዲሰጣቸው ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ተሟግቷል፤ በ1916 ዓ.ም. ሮኪ ቦይ የተባለው መሬት ተከለለላቸው።

በ1893 ዓ.ም. ራስል ከብት መጠበቁን ትቶ በሥዕል ብቻ ለመተዳደር ቈረጠ። ይህ ጊዜ የመከራ ጊዜ ነበር። የሥራውን ዋጋ አያውቅም፤ ሥዕሉን ለወዳጅ በነጻ ይሰጣል፤ አንዳንዱንም በመጠጥ ቤት በመጠጥ ይለውጠዋል። ይህን የምጽፈው ልነቅፈው ሳይሆን፥ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ ያለ ድካም የተወለዱ እንዳይመስለን ነው። ከዚህ ያወጣችው ናንሲ ኩፐር የምትባል በሰው ቤት ስታገለግል የኖረች እናቷ የሞተችባት ወጣት ናት። በ1896 ዓ.ም. ተጋቡ፤ እርሱ 32 ዓመቱ፥ እርሷ 18 ዓመቷ ነበር። ናንሲ ሥዕል አትሥልም፤ ነገር ግን የሥዕሉን ዋጋ ከባሏ ይልቅ ዐወቀች። ከገዢ ጋር ተከራክራ ዋጋውን ከፍ አደረገች፤ ጓደኞቹ ሥራ እንዳያስፈቱት በሩን ትጠብቅ ነበር፤ ሥዕሎቹንም እስከ ታላላቆቹ ከተሞች ይዛ ሄደች። በዚህ ምክንያት ከወዳጆቹ አንዳንዶቹ ቢያሟትም፥ እርሷ ባትኖር ኖሮ የራስል ሥዕሎች የት በወደቁ ነበር?

ግሬት ፎልስ በተባለችው ከተማ ቤት ሠርተው በ1903 ዓ.ም. በቤቱ አጠገብ የሥዕል መሥሪያ ጎጆ ቆመለት። ጎጆው የተሠራው ከስልክ እንጨት ነው። በውስጡም ኮርቻ፥ ገመድ፥ የነባሮቹን ሕዝቦች ልብስና ልዩ ልዩ ዕቃ ሰብስቦ አኖረ። በዚህች ጎጆ እየሠራ በ1911 ዓ.ም. በኒው ዮርክ፥ በ1914 ዓ.ም. በለንደን ሥዕሎቹን አሳየ። የኒው ዮርኩን ኤግዚቢሽን ያለፈው ምዕራብ ብሎ ሰየመው። በሕይወቱ ከሁለት ሺህ በላይ ሥዕሎችን ሠርቷል፤ ከሰምም የተቀረጹት ቅርጾቹ በነሐስ ተቀድተዋል።

ከሥራዎቹ ትልቁ በ1912 ዓ.ም. ለሞንታና የተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ የሠራው ነው። ወርዱ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ ሥዕሉን ለማስገባት የጎጆዋ ጣሪያ ከፍ መደረግ ነበረበት። ታሪኩ ሉዊስና ክላርክ የተባሉት አገር አሳሾች በ1805 ዓ.ም. ከሴሊሽ ሕዝብ ጋር የተገናኙበት ነው። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን አሳሾቹን መካከል ላይ ባቆማቸው ነበር። ራስል ግን መካከሉን ለባለ አገሮቹ ፈረሰኞች ሰጥቶ አሳሾቹን ከዳር አኖራቸው። ይህ አዳራሽ የአገሩ ሕግ የሚወጣበት መሆኑን ስናስብ የሠዓሊው ድፍረት ይታየናል።

ስለ ራስል ስጽፍ አንድ ነገር ብደብቅ ታሪኩን አጐድላለሁ። ያለፈውን ከመጠን በላይ ይወድድ ነበር፤ ማረሻን፥ የሽቦ አጥርንና አውቶሞቢልን አይወድም። በዚህ እኔ ከርሱ ጋር አልስማማም። የእናቴ መንደር መንገድ ባይገባላት ኖሮ ታናሽ እኅቴ በታመመች ጊዜ በቃሬዛ ስንወስዳት በመንገድ በቀረች ነበር። ሆኖም አንድ ኑሮ ሊያልፍ ሲል ኑሮውን የሚያውቅ ሰው መዝግቦት እንዲቀር ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ራስል ያለፈውን ሊመልስ አልቻለም፤ እንዳይረሳ ግን አደረገ።

በ1926 ዓ.ም. የእንቅርት ሕመም አሠቃይቶት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ልቡም ደክሞ ስለ ነበር በጥቅምት 24 ቀን በዚያው ዓመት በ62 ዓመቱ በግሬት ፎልስ ሞተ። አስከሬኑ የሄደው በአውቶሞቢል አይደለም፤ በፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ ነው። በዚያ ቀን የከተማዋ ተማሪዎች ቀብሩን እንዲያዩ ከትምህርት ቤት ተለቀቁ። ከትምህርት ቤት ይጠፋ ለነበረው ልጅ ተማሪ ቤቱ ሁሉ ወጥቶ ቆመለት። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ የሞንታና ሕዝብ የርሱን ሐውልት መርጦ በዋሽንግተን በአገሪቱ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ አቆመ። ያቺ የስልክ እንጨት ጎጆም ዛሬ በስሙ ከተሠራው ሙዚየም ጋር ትጎበኛለች።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1841 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተላከው ከካፒቴን ሐሪስ ጋር በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አንኮበር መጥቶ ነበር። በሸዋ ያየውን ሁሉ ሥሎ ሥዕሎቹ በ1852 ዓ.ም. በለንደን ታተሙ። የአባቶቻችንን ዘመን መልክ ለማየት ዛሬ እነዚያን ሥዕሎች እንፈልጋለን፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም እርሱ እንግዳ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያህል አይቶ ተመለሰ። ከዚያው ከአንኮበር ደግሞ በ1932 ዓ.ም. አፈወርቅ ተክሌ ተወለዱ። በ1947 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ልባቸው ግን ወደ ሥዕል ስላዘነበለ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ታላቁ የመስተዋት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ነው፤ ያረፉትም በ2012 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚህ ከብርዱ አገር ሠዓሊ አይወጣም የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ከብት የጠበቅሁበት ጨፌ ዛሬ ግማሹ ታጥሯል። ደብረ ብርሃን በየዓመቱ እየሰፋች ፋብሪካውም ቤቱም እየበዛ ነው። ይህም ለብዙ ሰው እንጀራ ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ የገሳ አሠራር፥ የባናው ፈትል፥ የከብቱ ስም አወጣጥ፥ የዋሽንቱ ዜማ አንድ በአንድ ሲሄድ ማንም ልብ አላለውም። ከሃያ ዓመት በኋላ ታናናሾቻችን ይህን ሊያውቁ ቢፈልጉ ማንን ይጠይቃሉ? እንግዳ መጥቶ እስኪሥልልን እንጠብቅን? ይህን የሚያውቀው እኮ እረኛ ሲባል አንገቱን የሚደፋው ልጅ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከእናንተ መካከል እንደ እኔ መነሻውን የሚደብቅ ካለ ይህን ታሪክ ለርሱ ጽፌዋለሁ። እጁ የሚሥል ይሣል፤ የማይሥልም የአያቱን ጨዋታ ይጻፍ። የተከበራችሁ መምህሮቻችን፥ በደብተራችን ጠርዝ ላይ ሥዕል ብታገኙ ከመቈጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እንድትመለከቱት በትሕትና እለምናለሁ። ቻርልስ ራስል ትምህርቱን መተዉን ግን እንደ ምሳሌ አልወስደውም፤ እርሱ ባለጸጋ አባት ነበረው፤ እኛ የምንወጣው በትምህርት ነው።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ለገና በዓል ወላጆቼ ቤት ሄጄ ነበር። ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጬ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣልሁ፤ የሣልሁትም በበልጉ መቅረት የሞተችብንን ቦቄን ነው። አባቴ ሥዕል ከትምህርቴ ያስተጓጕለኛል ብለው ስለሚፈሩ ደብተሩን በእጄ ልሸፍነው ነበር፤ እርሳቸው ግን ተቀብለውኝ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ግራ ቀንዷ ወደ ታች የታጠፈ እንደ ነበረና እኔ ግን አቅንቼ እንደ ሣልሁት ነገሩኝ። እውነታቸውን ነበር። ላጲስ አላመጣሁም ነበርና በእንጀራ ፍርፋሪ አጥፍቼ ቀንዷን አስተካከልሁ። ደብተሩን ሳልዘጋው አጠገባቸው አኖርሁት።